ደረሰኙ ደመና ላይ ነው

የክላውድ ሻጮች ንግግር ለጆሮ ይጥማል። ሰርቨር መግዛት ቀረ፣ ለማቀዝቀዣ መክፈል ቀረ፣ እኩለ ሌሊት ተጠርቶ መነሣት ቀረ፤ አንተ ኮድህን ብቻ ጻፍ፣ የቀረውን ለእኛ ተወው። አማዞን ላምዳ የተባለውን አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2014 ካስተዋወቀ ወዲህ ይህንን ያልሰማ ኮድ ጸሐፊ ያለ አይመስለኝም። ደግ፣ ተውንላቸው። ታዲያ ሰርቨር ከሌለ በየወሩ ሒሳብ የሚላክልን ለምኑ ነው? «አይ፣ ሰርቨሩማ አለ፤ ያንተ አይደለም እንጂ» ይሉሃል። አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ይህ ዜና አይደለም።

የዛሬው ተረቤ ግን አነስ ያለች ጉዳይ ላይ ነው። ደንበኛ ከፈለ፤ አንድ ገጽ ደረሰኝ በፒዲኤፍ ይውጣለት። በቃ። በዚህች ጉዳይ አንድ ኮድ ጸሐፊ ወጣትና የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ሲነታረኩ አስቡልኝ። እሱ ላምዳን ያውቃል፤ እሷ ደረሰኝን ታውቃለች።

ወጣቱ የሚነሣው ብዙዎቹ ከሚነሡበት ነው። ደረሰኙን በድረ ገጽ መልክ ይሠራል፣ ፓፒቲር በሚባል መሣሪያ ክሮምን ከጀርባ ያስነሣል፣ «ይህን ገጽ ፒዲኤፍ አድርገው» ይለዋል። ፊልም ማሳየት፣ ካርታ መክፈት፣ ስብሰባ ማስተናገድ የሚችል ሙሉ አሳሽ ከእንቅልፉ ተነሥቶ «ብር 350 ተቀብለናል» ብሎ ጽፎ ይተኛል።

«አለቀ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ደረሰኙ የታል?»

«እሱማ ገና ነው፤ ክሮሙ አልገባም። ላምዳ በዚፕ የሚቀበለው ሲፈታ ከ250 ሜጋባይት የማይበልጠውን ነው፤ ፓፒቲር የሚያወርደው ክሮም ብቻውን ሊኑክስ ላይ 282 ገደማ ነው።»

«ታዲያ ምን ተሻለ?»

«ወይ ጨምቀን አስገብተን እዚያው እንፈታዋለን፣ ወይ በኮንቴይነር እንጭነዋለን። ኮንቴይነር እስከ 10 ጊጋባይት ይፈቀዳል።»

«ደረሰኙ ስንት ገጽ ነው አልከኝ?»

«አንድ።»

«እኔስ ጆሮዬ ነው ብዬ።»

እሺ፣ ክሮሙ ገባ። የመጀመሪያው ደንበኛ ከፈለና ጠበቀ። ጠበቀ። ጠበቀ።

«ምነው ዘገየ?»

«ኮልድ ስታርት ነው፣ እትዬ። የመጀመሪያው ሰው ብቻ ነው የሚዘገይበት። ለጥቂት ጊዜ የጠራው ከሌለ ይተኛል፤ ሲጠሩት እንደገና ይነሣል።»

«እና ገበያ በቀዘቀዘ ቀን የሚመጣው ሁሉ የመጀመሪያ ሰው ነዋ!»

«አልፎ አልፎ…»

«በወር መጨረሻ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲመጣስ?»

«አንዱ ባንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ለተረፉት ሌላ ይነሣላቸዋል።»

«እነሱም ገና ከእንቅልፍ።»

«አዎ።»

«ገበያ ሲቀዘቅዝ ትዘገያለህ፣ ገበያ ሲደራ ትዘገያለህ። የምትፈጥነው መቼ ነው?»

«ዴሞ ላይ።»

እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጣልቃ ይገባሉ። ቆጣቢ ናቸው፤ «ሜሞሪውን ዝቅተኛው ላይ አድርጉት» ይላሉ። ዝቅተኛው 128 ሜጋባይት ነው። ክሮም በ128 ሜጋባይት ሲነሣ ያየ ሰው ካለ ይጻፍልኝና እታረማለሁ። ደግሞም ላምዳ ላይ የማቀነባበሪያው ጉልበት የሚሰፈረው በሜሞሪው ልክ ነው፤ አንድ ሙሉ ማቀነባበሪያ የምታገኘው 1,769 ሜጋባይት ገደማ ስትገዛ ነው። ሒሳቡ የሚቆጠረው ሜሞሪው በፈጀው ጊዜ ተባዝቶ፣ ያውም በሚሊሰከንድ። በሜሞሪ የቆጠቡትን በሚሊሰከንድ ይቀበሏቸዋል፤ እሳቸው ግን በስብሰባ ላይ ቆጠብኩ ይላሉ።

የጊዜ ገደቡም የራሱ ጨዋታ አለው። ላምዳ ሥራውን እስከ 15 ደቂቃ ይታገሣል። ጥያቄው የሚገባበት ኤፒአይ ጌትዌይ የሚባለው በር ግን በተለመደው ልኩ የሚጠብቀው 29 ሰከንድ ነው። ውስጥ ያለው ገና ሲጽፍ በሩ ይዘጋል። ደንበኛው «ስሕተት ተፈጥሯል» የሚል ያያል፤ ምን ያድርግ፣ ደግሞ ይጫናል። ውስጥ ያለው የመጀመሪያውንም ይጨርሳል፣ ሁለተኛውንም ይጨርሳል።

«አንተ ልጅ፣ ለአንድ ክፍያ ሁለት ደረሰኝ?»

«ሲስተሙ ትጉህ ነው፣ እትዬ።»

«ግብሩንም ይክፈላ፣ ትጉህ ከሆነ!»

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጥያቄውን ተቀብሎ ወረፋ ማስያዝ፣ ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ መለያ ቁጥር ይዞ ሁለተኛውን ማባረር፣ ፒዲኤፉን ማከማቻ ውስጥ አስቀምጦ ለደንበኛው ጊዜ የሚያልፍበት ሊንክ መላክ። ይህ ሌላም ያድናል። ላምዳ በተለመደው መንገድ በቀጥታ የሚመልሰው መልስ ከ6 ሜጋባይት መብለጥ አይችልም፤ ፒዲኤፍ በዚያ መንገድ ሲላክ ወደ ቤዝ64 ይቀየርና በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ የሚተርፍልህ 4.5 ገደማ ነው። ለቢልቦርድ የተሠራውን ሎጎ ደረሰኝ ላይ ለሚለጥፉ ሥራ አስኪያጆች ይህን ማስታወስ ድፍረት ከሆነ ይቅርታ።

አንዲት የባሰች አለች፤ ሳቅ የለባትም፣ እትዬ ግን አሳቀችን።

«ፋይሉን ስሙን ምን አልከው?»

«ደረሰኝ ነጥብ ፒዲኤፍ።»

«የማን ደረሰኝ?»

«የመጣው ሰው።»

«የሄደውስ?»

ወጣቱ ዝም። ላምዳ ሥራውን ሲጨርስ ወዲያው አይፈርስም፤ ለሚቀጥለው ጥሪ ነቅቶ ይቆያል፣ ጊዜያዊ ማኅደሩም ከነዕቃው ይቆያል። የአዲሱ ሰው ደረሰኝ ሳይወጣ ቢቀርና ኮዱ ሳያጣራ ያንኑ ስም ቢያነሣ፣ ቀድሞ የመጣው ሰው ስምና ሒሳብ በሌላ ሰው እጅ ይገባል። ለእያንዳንዱ ፋይል የራሱ ስም፣ ሲጨርሱም መሰረዝ። ይህ ክላውድ አይጠይቅም፤ ጨዋነት ነው የሚጠይቀው።

አሁን ወደ ዋናው ሕመም ልምጣ። ደረሰኙ ፈጠነ፣ አልተደገመም፣ ለባለቤቱ ደረሰ። ደንበኛው ከፈተው። በስሙ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል።

«ስሜ የታል?»

«ሳጥኑ ውስጥ ነው።»

«ገና ሳልሞት?»

ፒዲኤፍ የአዶቤ ልጅ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። 14 መደበኛ ፎንቶች አሉት፤ ሄልቬቲካ፣ ታይምስና ኩሪየር ከነወንድሞቻቸው፣ ከዚያ ሁለት የምልክት ፎንቶች። ከ14ቱ አንዱም ሀሁ አያውቅም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንኳ ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ነው። ስለዚህ ለአማርኛ ፎንቱን ራስህ ፒዲኤፉ ውስጥ ታስገባለህ እንጂ የሚጠብቅህ የለም።

«እኔ ላፕቶፕ ላይ ግን አማርኛው ይወጣል» ይላል ወጣቱ።

ይወጣላ! ላፕቶፕህ ዊንዶውስ ከሆነ ኤብሪማ ወይም ኒያላ አለልህ፣ ማክ ከሆነ ከፋ አለልህ። ላምዳ ላይ ማን አለህ? ቀድሞ የተጫነ የግዕዝ ፎንት የለም። ክሮምም ቢሆን የሌለውን ፊደል ከየት ያምጣ? ሳጥን ይሰጥሃል፣ በጣም የተስተካከለ ሳጥን።

ክሮሙን ትተው በቀላል ላይብረሪ የሚጽፉትም አይመጻደቁ። ፒዲኤፍኪት ፎንት ሳይሰጡት አማርኛ ቢያጽፉት የማይነበብ ምልክት ይረጭላቸዋል። ፒዲኤፍሊብ ግን ቅን ነው፤ «ይህን ፊደል መጻፍ አልችልም» ብሎ ይቆማል። እኔ የሚሻለኝ ቅኑ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በዝምታ ሳጥን ሲያትም ከሚያድር፣ በመጀመሪያው ደረሰኝ ላይ ጮሆ ቢወድቅ ይሻላል።

የሚያሳዝነው ደግሞ ሥራው ከባድ አለመሆኑ ነው። የግዕዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድሮ ይሄዳል፤ በዐረብኛና በሂንዲ ጽሑፍ እንደሚደረገው ፊደሉ ከጎረቤቱ ጋር እየተጣመረ መልኩን አይቀይርም። ፎንቱን ብቻ ስጠው፣ ይጽፋል። የተጠቀምክባቸውን ፊደላት ብቻ ቀንሶ ማስገባትም ስለሚቻል ፒዲኤፉ አያብጥም። ከድሮ ፋይል የተገለበጠ የደንበኛ ስም ካለ ግን ልብ በሉ፤ ዩኒኮድ ሳይመጣ የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ቁጥሮች ላይ አስቀምጠውት ነበርና፣ ያ ስም ምንም ፎንት ቢሰጡት ቅጥ አይኖረውም። መጀመሪያ ይለወጥ።

ስሙ ተስተካከለ። ቀኑስ?

«አንተ ልጅ፣ ይህ ሰው የከፈለው ሐምሌ 1 ነው። ደረሰኙ ሰኔ 30 ይላል።»

«ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነዋ የከፈለው! ላምዳ የሚሄደው በዩቲሲ ነው፣ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ለእሱ ቀኑ ገና አልተለወጠም።»

«የበጀት ዓመቱን ዘግቼ ነው የተኛሁት! ያንተ ደመና ምን ሥልጣን አለውና ያስከፍተኛል?»

ከእኩለ ሌሊት እስከ 9 ሰዓት የከፈለ ሁሉ በትናንቱ ይመዘገባል፤ በሌላ ቀን ቢሆን ማንም ሳያየው ያልፋል፣ ሐምሌ 1 ሌሊት ግን ዓመት ይለያል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ብሎ በኮዱ ውስጥ መጻፍ አንድ መስመር ነው።

«ይሁን። ጳጉሜን 3 የተከፈለውንስ አምጣ።»

«እሱ አልወጣም። የወሮቹን ስም ስደረድር 12 አድርጌ…»

«ገንዘቡን ሲቀበል ግን 13 መሆናቸውን ያውቅ ነበር!»

ደመወዝ ከፋዮች ጳጉሜንን አይተው እንዳላዩ ማለፋቸው አልበቃ ብሎን ኮዱም ተከተላቸው። የሚገርመው፣ የጃቫስክሪፕት የራሱ የቀን ማውጫ የኢትዮጵያን ካላንደር ከነጳጉሜኑ ያውቃል። የወር ስም በእጅ መደርደር ምን ያስፈልግ ነበር?

የእኔ ፍርድ ይኸው። ሠንጠረዥና ግራፍ የሞላበት 40 ገጽ ሪፖርት ከሆነ ክሮምን አስነሡ፣ ሜሞሪውን አትሰስቱበት፣ ወረፋ አስይዙት። ለአንድ ገጽ ደረሰኝ ግን ቀላሉ ላይብረሪ ከአንድ የግዕዝ ፎንት ጋር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለሥራው ሳይሆን ለሲቪ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም አቢሲኒካ ኤስአይኤልም በነጻ ፈቃድ የሚገኙ ናቸው፣ በሶፍትዌር ውስጥ አስገብቶ ማሰራጨትም ይፈቀዳል። እባካችሁ ዛሬውኑ ከኮዳችሁ ጋር ጫኑትና የሰውን ስም ከሳጥን አውጡት።