ሙዝ የተባረረበት ቤት

አክስቴ ሙዝ ቤታቸው እንዳይገባ ከልክለዋል። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥቶ «አያቴ፣ ሙዝ ጨረር አለው» አላቸው፤ በቃ።

በጨረር ቀልድ አያውቁም። ስካርቦሮ ነዋ የሚኖሩት፣ የፒከሪንግ ኑክሌር ማመንጫ አፍንጫ ሥር! ጃንዋሪ 12 ቀን 2020፣ እሑድ ማለዳ፣ የኦንታሪዮ ስልክ ሁሉ ባንድ ላይ ጮኾ «ፒከሪንግ ላይ ችግር ተከስቷል» ሲል፣ ነጠላቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነበር። ለካ የልምምድ መልእክት በስሕተት ተለቅቆ ኖሯል። ማስተባበያው እስኪመጣ ግን ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሕዝቡም በሁለት ቀን ከ32 ሺህ በላይ የአዮዲን ክኒን ትእዛዝ አጎረፈ፤ ከማመንጫው በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሚኖር ሰው በነፃ ነው። የአክስቴ ክኒን ከጸበሉ ጎን ተቀምጧል።

ልጁ አልዋሸም። ሙዝ ፖታሲየም አለው፤ ከ10 ሺህ የፖታሲየም አቶም አንዱ ገደማ ደግሞ ፖታሲየም-40 የሚባለው ነው። ምድር ሳትፈጠር ጀምሮ ጨረር እየረጨ ይፈራርሳል፤ ግማሹ ለማለቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ለነገሩ ሙዝ ስሙ ጠፋ እንጂ ብቻውን አይደለም።

«ሽሮስ?» አሉኝ።

«ደረቅ ሽምብራ በክብደት ሙዝን ያስከነዳል።»

«በርበሬ?»

«እሱማ አይነሣ።»

«ጤፍም እንዳትለኝ!»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት ግን አይሆንልኝምና ክኒኑም ፖታሲየም አዮዳይድ ስለሆነ ቅንጣት ጨረር እንደማያጣ፣ ምጣዳቸውን ከሚያግለው የኦንታሪዮ መብራትም ግማሽ ያህሉ ከኑክሌር እንደሚመጣ ጨመርኩላቸው።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!» አሉ። ክኒኑ የሚጠብቀውም እንቅርት የሚያበቅለውን ዕጢ ነው፤ አስቀድሞ በደኅናው አዮዲን ይሞላውና ለጨረራሙ ቦታ ያሳጣዋል።

ላረጋጋቸው ሞከርኩ። አንድ ሙዝ ውስጥ በሰከንድ 15 ያህል አቶም ቢፈራርስ፣ በሰው ገላ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ብቻ ከ4 ሺህ በላይ ያፈራርሳል። ደግሞም ገላ ፖታሲየም አያከማችም፤ የተረፈውን ኩላሊት በሽንት ያስወጣል። ደርዘን ሙዝ የበላም ቢሆን ማመንጫ አይሆንም።

«እኔም አለብኝ?»

«ሁላችንም። ወንድ ጡንቻው ስለሚበዛ ትንሽ ይብስበታል።»

ሶፋው ላይ የሚያንኮራፉትን ባላቸውን ገላመጧቸው።

«እኔኮ ይህ ሰውዬ አንድ ነገር እንዳለበት ድሮም አውቄ ነበር!»