«አይቶኛል!» «አላየሁህም!»

ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ፣ ሲኤምሲ ላይ፣ እግረኛው መዳፉን ወደ መኪናው ዘርግቶ «አይቶኛል» እያለ አስፋልቱ ውስጥ ይገባል። ሹፌሩ ጎማው ጮኾ ከቆመ በኋላ በሩን ከፍቶ «አላየሁትም!» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው የሚያምኑትን ነው። ሰው የሚሞተውም በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው። ዛሬ ለሁለቱም መልስ ይዣለሁ፤ ጣልቃ ለሚገባም እንዲሁ።

«በዓይኔ በብረቱ አይቼ ነው የምነግርህ፤ መንገዱ ባዶ ነበር!»

ብረቱስ ደህና ነው፤ እየጨመረ የሚነግርህ ከበስተኋላው ያለው አንጎልህ ነው። ክንድህን ዘርጋና የአውራ ጣትህን ጥፍር ተመልከት። ዓይንህ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው ከዚያች ጥፍር ብዙም የማይሰፋ ቦታ ነው። ዙሪያው ሁሉ ብዥ ያለ ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ የሚመስልህ፣ ዓይንህ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ እየዘለለ ስለሚለቅምና አንጎልህ የለቀመውን ስለሚገጣጥምልህ ነው። በዝላዩ ቅጽበት ደግሞ እይታህ ይታፈናል። ካላመንክ መስታወት ፊት ቁምና ከአንዱ ዓይንህ ወደ ሌላው ተመልከት፤ ዓይንህ ሲንቀሳቀስ ፈጽሞ አታይም፤ አጠገብህ የቆመው ግን ያየዋል።

«እንዲህ ከሆነ ክፍተቱን አየው ነበር!»

ክፍተቱን እንዳታየው ተደርጎ ነው የተሞላው። አሁኑኑ ሞክረው። ሁለቱንም ክንዶችህን ወደ ፊት ዘርግተህ አውራ ጣቶችህን ጎን ለጎን አቁምና ግራ ዓይንህን ጨፍን። ቀኝ ዓይንህን ከግራ አውራ ጣትህ ላይ ሳትነቅል፣ ቀኝ አውራ ጣትህን ቀስ እያደረግህ ወደ ቀኝ አርቀው። አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የጣትህ ጫፍ ይጠፋል። የዓይን ነርቭ ወደ አንጎል በሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም። ፈረንሳዊው ኤድሜ ማሪዮት ይህን ያገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት የሰው ልጅ በሙሉ ዓይኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ይዞ ሲኖር አላወቀም ነበር። ያ ቦታ ቀላል እንዳይመስልህ፤ ከ20 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ሰው ከነቁመቱ ይገባበታል።

«ሁለት ዓይን አለኝ እኮ፤ አንዱ ሲስት አንዱ ይይዘዋል!»

እውነት ነው፤ መኪናህ ግን የፊት መስታወቱን የሚይዝ ምሰሶ አለው። ያ ምሰሶ የአንዱን ዓይን መንገድ ሲጋርድ፣ የሌላኛው ዓይን ባዶ ቦታ ደግሞ እዚያው ሊያርፍ ይችላል። ስትታጠፍ እግረኛው በአንተ ፍጥነት ልክ እየተራመደ ከሆነ ምሰሶው ጀርባ እንደተደበቀ አብሮህ ይዞራል። ከመታጠፍህ በፊት ራስህን ወደ ፊትና ወደ ጎን አንቀሳቅስ፤ ይህን ያህል ብቻ ነው የምለምንህ።

«30 ዓመት ነድቻለሁ፤ ይህን ለጀማሪ ንገር!»

ጋሼ፣ ልምድ የት ማየት እንዳለብዎት ያስተምራል፤ ምን እንደማይመጣም ያስለምዳል። የሚያሰጋኝ ሁለተኛው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ትራፍተን ድሩና ባልደረቦቹ 24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞችን የሳንባ ሲቲ ስካን እንዲያነቡ ሰጧቸው። ሐኪሞቹ የሚፈልጉት ትንንሽ እባጮችን ነበር። ተመራማሪዎቹ ከእባጮቹ አማካይ መጠን 48 እጥፍ የሚበልጥ የጎሪላ ሥዕል ምስሉ ውስጥ አስገቡ። 20ዎቹ ሐኪሞች አላዩትም። የዓይናቸው አቅጣጫ በመሣሪያ ሲመዘገብ ነበርና፣ ካላዩት መካከል አብዛኞቹ ዓይናቸውን በቀጥታ ጎሪላው ላይ አሳርፈው እንደነበር ታወቀ። የተማሩና የለመዱ ዓይኖች ናቸው፤ ተቀምጠው በጸጥታ ነው የተመለከቱት። እርስዎ ደግሞ የሚያዩት በ60 እየነዱ፣ ረዳቱ «ሳበው!» እያለ፣ ከኋላ «ወራጅ አለ!» እየተባለ ነው።

«ታዲያ አላየሁትም ስል ለምን አታምነኝም?»

ማን አላምንህም አለህ? አምኜሃለሁ፤ የሚያስፈራኝም ማመኔ ነው። ዋሽተህ ቢሆን ኖሮ ቅጣት ያስተካክልህ ነበር። እውነትህን ከሆነ ግን ነገም በዚያው ዜብራ ላይ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ዓይን ታልፋለህ፤ ነገም አታይም። እኔ ዳኛህ አይደለሁም፤ ነገ በዚያው ዜብራ ላይ የምትሻገረውን ሴት ግን አስባታለሁ።

«ዓይኔን ምን ላድርገው?»

ዓይንህን ተወውና እግርህን አንሳ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ፣ ከአንዱ የዓይንህ ዝላይ እስከ ቀጣዩ ድረስ መኪናህ ከ5 ሜትር በላይ ይጓዛል። በ30 ስትነዳ ለዚያው መንገድ እጥፍ ያህል እይታ ታገኛለህ። ዓይንህ አልተለወጠም፤ ጊዜ ሰጠኸው እንጂ።

«ስልኩን አንዴ ብቻ ነው የተመለከትኩት!»

ሁለት ሴኮንድ ከሆነ በ50 ፍጥነት 28 ሜትር ነው። እስቲ ዓይንህን ጨፍነህ 28 ሜትር ንዳ ብልህ ትስማማለህ?

«ሰው ከዚያ በኩል ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም!»

አሁን ደረስክበት። ስላልጠበቅከው ነው ያላየኸው። በዚህ ላይ ከአገራችን የወጣ አንድ ጥናት አለ። በ1972 እ.ኤ.አ. ፐርሴፕሽን በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያን ዴሬጎቭስኪ ሙልድሮ ከሚባሉ ሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩ የምዕን ሰዎች፣ ሥዕል በብዛት ባልደረሰበት ዘመን፣ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ሲሰጣቸው ወረቀቱን ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ጨምድደው ድምፁን አዳመጡት፣ ቆንጥረውም ቀመሱት። ሥዕሉን ግን አላተኮሩበትም። ከዚያ ነብርና ሚዳቋ በሻካራ ጨርቅ ላይ ተሥለው ቀረቡላቸው። ብዙዎቹ አወቋቸው፤ አንዳንዶቹም ጭራውን፣ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያ ሌላውን እየለዩ ቀስ በቀስ እንስሳው ላይ ደረሱ።

«እነሱማ ሥዕል ስላላዩ ነው፤ እኛ ከተሜዎች ነን!»

እንዲህ አትበል፤ ዓይናቸው ከአንተ አላነሰም። ወረቀቱ አዲስ ነበርና ትኩረታቸውን ወረቀቱ ወሰደው፤ ጨርቁን ያውቁታልና ጨርቁ ከመንገድ ዞር አለላቸው፤ ነብሩም ታየ። አንተም ሲኤምሲ ላይ ስትነዳ የምትጠብቀው የፊተኛውን መኪና ቀይ መብራትና ቀጣዩን ክፍት ቦታ ነው። ትኩረትህን እነሱ ወስደውታል። ከቆመው ታክሲ ፊት ብቅ የምትለው እናት ለአንተ ወረቀቱ ላይ ሳይታይ የቀረው ሥዕል ናት። እነሱ በጨርቁ ላይ ጊዜ ወስደው ተመለከቱና አገኙት። አንተም ከቆመ ታክሲ አጠገብ ስታልፍ «ከዚህ ሰው ይወጣል» ብለህ እለፍ፤ ዓይን የሚያገኘው የታዘዘውን ነው።

«በቃ ሹፌሩን ጨረስከው። እኛ እግረኞችስ? መብራቱን አብርቶ እየመጣ እንዴት አያየኝም?»

መብራቱን አንተ ታየዋለህ፤ መብራቱ ግን አያይህም። ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳረጋገጡት፣ እግረኛ በሌሊት ከምን ያህል ርቀት እንደሚታይ ሲገምት ከእውነቱ አብዝቶ ነው። ሁለት የፊት መብራት ዓይንህን ሞልቶት፣ ሹፌሩም አንተን በዚያው ልክ የሚያይህ ይመስልሃል። እሱ ግን ጥቁር ጃኬትህን ከጥቁር አስፋልት መለየት አለበት፤ ከፊት ለፊቱ የሚመጣው ደግሞ ረጅም መብራት ለቆበታል። በ60 የሚመጣ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ለመቆም 40 ሜትር ገደማ ይፈጃል።

«ዓይን ለዓይን ከተያየንስ?»

ይህን ጥሩ አልክ። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊት ለፊት ከነሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን ደግሞ በጎን አዙረው በአንድ ዓይን ይሥሉ ነበር። አንተም ሹፌሩ ሁለቱንም ዓይኑን እስኪያሳይህ አትግባ። ካሳየህም በኋላ መኪናው መቀነሱን ጠብቅ፤ ከላይ ያሉት ሐኪሞችም ጎሪላውን በሁለት ዓይናቸው ተመልክተውት ነበር።

«እኔ በማለዳ ኪዳን ለማድረስ ወደ ሚካኤል ስሄድ ነጭ ነጠላ ነው የምለብሰው።»

እማማ፣ ነጠላዎ ከብዙዎቻችን ጃኬት ይሻላል፤ ነጭ ብርሃን ይመልሳል። የመኪና አጭር መብራት ግን ዝቅ ብሎ ነው የሚያበራው፤ ከሩቅ መጀመሪያ የሚደርሰው እግርዎ ላይ ነው። እግርዎ ደግሞ ከቀሚስዎ በታች ጨለማ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

«መነጽር አያስፈልገኝም፤ ማታ ማታ ብቻ ነው መብራቱ የሚበተንብኝ።»

ጋሼ፣ ይህን ነገር ዝም አይበሉት። ብርሃን የሚበተነው የዓይን ሞራ ሲጀምርም ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ማየት የተሳነው መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት እንደሆነ አሳይቷል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። እስኪመረመሩ ድረስ ማታ ቁልፉን ለልጅዎ ይስጡ።

«ባቡሩ እኮ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው!»

የኔ እህት፣ ቀስ ያለው ባቡሩ ሳይሆን ግምትሽ ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እዚህ ሰፈር ሐዲዱን መሻገር የዕለት ሥራችን ሆኗል። አሜሪካዊው ኸርሽል ሊቦዊትዝ በ1985 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ ትልቅ አካል በእኩል ፍጥነት ከሚጓዝ ትንሽ አካል ይልቅ ቀርፋፋ መስሎ ይታያል። በዚያ ላይ በቀጥታ ወደ አንቺ የሚመጣ ነገር ወደ ጎን አይሸሽም፤ የሚያደርገው ማደግ ብቻ ነው፤ ያም ዕድገት ከሩቅ ሳለ አይታወቅም። ከ200 ሜትር ወደ 100 ሲደርስ እጥፍ ያድጋል፤ ከ20 ወደ 10 ሲደርስም እጥፍ ያድጋል። ሁለተኛው ግን በአሥረኛው ጊዜ ነው። «በድንገት መጣ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ባቡሩ ግን ፍጥነቱን አልለወጠም።

«ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ ግራና ቀኝ አይተህ ተሻገር ብዬዋለሁ።»

ያያል፤ መገመት ግን አይችልም። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ዓይን በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የሚመጣን መኪና መቅረቡን በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። መኪናው በፈጠነ ቁጥር ለልጁ የቆመ እየመሰለው ይሄዳል። ልጁ ታዛዥ ነው፤ ግራና ቀኝ አይቷል፤ ከዚያም ገብቷል። እጁን ይያዙት፤ እርስዎ ከሌሉ ታላቁ ይያዘው።

«ቦርሳው ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ለጥፌለታለሁ እኮ!»

እግዜር ይስጥዎት፤ አሁን ደግሞ እግሩ ላይ። የስዊድኑ ጉናር ዮሃንሰን በ1973 እ.ኤ.አ. በጨለማ ውስጥ የሰው መገጣጠሚያዎች ላይ ጥቂት ነጠብጣብ መብራቶች ብቻ አሳይቶ ነበር። ሰውዬው ሲቆም ተመልካቹ ነጠብጣቦች ብቻ ያያል፤ ሲራመድ ግን ከአንድ ሴኮንድ በታች «ይህማ ሰው ነው» ይላል። አንጎላችን የሰው አረማመድ ከምንም በላይ ቶሎ ይገባዋል። ቦርሳ ላይ ያለው ብልጭታ የመንገድ ምልክትም፣ የቆመ ጋሪም ሊመስል ይችላል። ቁርጭምጭሚት ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ብልጭታ ግን የሰው እግር ነው።

«ነጠላ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያምራል እንዴ?»

እማማ፣ ነጠላዎን አልነካም። የሚያብረቀርቀውን ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ይሰሩት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርሱ ይፍቱትና ሲመለሱ መልሰው ይሰሩት።