ያልታጠበችው ሊንከን

ይድረስ ለውድ እናቴና ለመላው ቤተሰብ። እኔ ከናፍቆታችሁና ከሜሪላንድ ብርድ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እትዬ፣ ደብዳቤውን ጮክ ብለሽ የምታነቢው አንቺ ነሽና አደራ፣ ከራስሽ አትጨምሪበት። ያለፈውን የደመወዝ ጭማሪዬን የሰማሁት ከእማዬ ነው።

ሰሞኑን ደላላ ሆኛለሁ። እማዬ፣ ለጎረቤት “ዶክተር ሊሆን ነው” ያልሻቸውን ቀስ ብለሽ አስተካክዪ። የምንከባከባቸው ባልቴት የሟች ባላቸውን መኪና “ሽጥልኝ፣ ከመቶ አሥሩ ያንተ” አሉኝ። ጋራዥ ገብቼ ሸራውን ብገልጥ፣ በፈረንጅ የ1963 ሞዴል ሊንከን ኮንቲኔንታል! ጣሪያዋ ይታጠፋል፤ አራት በር አላት፤ የኋላዎቹ በሮች በተቃራኒው ነው የሚከፈቱት። ክብደቷ ወደ ሁለት ቶን ተኩል ይጠጋል። ሞተሯ 7 ሊትር ነው፣ የአባዬ ቮልስ ሞተር ስድስት ጊዜ ያህል ይገባበታል። አባዬ እንዳትቀየም፤ ያንተዋ ቢያንስ ትነሳለች።

አቧራዋ በጣት ስም ያስጽፋል። የወንበሯ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ ከሥሩ አይጥ ጎጆ ቀልሳለች። ያደግሁት አባዬ ቤት ነውና ባልዲና ኦሞ ይዤ ብቅ ስል፣ ባልቴቷ በመስኮት “እንዳትነካት!” ብለው ጮኹ። ለካ እዚህ አገር ታድሳና ተቀብታ የምትፈለግ መኪና አለች፤ ማንም ሳይነካት ከነዝገቷ የምትፈለግ ደግሞ አለች። የፋብሪካው ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም ባይ ናቸው።

ቅዳሜ አንድ ገዢ መጣ። ነጭ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ የጥርስ ሐኪም መስታወትና ማግኔት ይዟል። እኔን ሰላም ሳይል ከሥሯ ገባ። ማግኔቱን ላሜራው ላይ እያስጠጋ ስቱኮ ይፈልጋል። ዝገት ባገኘ ቁጥር ያቃስታል። አሞት መስሎኝ ውሃ ባመጣለት፣ ለካ ደስ ብሎት ነው። በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ከደብተሩ ጋር አመሳከረ፣ የአይጧን ጎጆ ሳይቀር ፎቶ አነሳ። እትዬ፣ ያንቺን ባል እንዲህ መርምረነው ቢሆን ኖሮ... ይቅር፣ እሱም እየሰማ ነው።

“ከየት ነህ?” አለኝ ከሥር ሆኖ። ከኢትዮጵያ ስለው “ኃይለ ሥላሴ!” ብሎ ብድግ ሲል ግንባሩን አጋጨ። ጃንሆይ በ1956 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዋሽንግተን ሲመጡ ከኬኔዲ ጋር በክፍት ሊንከን እንደሄዱ ያውቃል። ኬኔዲ በኅዳር ዳላስ ላይ የተገደሉት በዚያችው መኪና ነው፤ አሁን ሚሺጋን ሙዚየም ውስጥ ናት አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ንጉሡ በዚህችስ ተቀምጠው ይሆን?” ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። አልተቀመጡም አልኩት። ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ከወንበሩ ላይ የካባቸውን ክር መዘህ ታሳየው ነበር። የደብረ ዘይቱን በሬ እንዴት እንደሸጥከው አልረሳንም።

ቀጥሎ “ጣሪያዋን ክፈትልኝ” አለ። አዲስ ባትሪ ገጥመንላት፣ ገፍተን ደጅ አውጥተናታል። ቁልፉን ስጫን ከሆዷ የሆነ ነገር አጉረመረመ፤ የኋላው ኮፈን ተነሳ፤ ጣሪያው ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ግማሽ መንገድ ሄደና ቀጥ አለ። ወደፊት ብለው እምቢ፣ ወደኋላ ብለው እምቢ። ይህን የጠበቀ ይመስል ዝናቡ ዱብ ዱብ አለ። ገዢው ኮቱን አውልቆ አለበሳት፣ እኔ የባልቴቷን የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ነቅዬ መጣሁ፣ እሳቸው በመስኮት ጃንጥላ ይወረውራሉ፤ አንዱ እኔን መታኝ። ምንጣፉ ላይ የተኛውን ውሃ በፎጣ ላደርቅ ብገባ ገዢው እጄን ያዘ፦ “የፋብሪካ ምንጣፍ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይድረቅ!”

ለተበላሸው ጣሪያ 2 ሺህ ዶላር ቀነሰ፤ ጣሪያውን ሠራሁት ብሎ የነካካው ሜካኒክ ስለሌለ ደግሞ 1 ሺህ መልሶ ጨመረ። በ12 ሺህ ተስማማን። አዲስ ሳለች ወደ 7 ሺህ ነበረች።

ጭኗት ሲሄድ ጋራዡ ባዶ ሆነ። ምሳዬን ከኋላ ወንበሯ ላይ ነበር የምበላው። ስድስት ሰው የምታስቀምጥ መኪና ውስጥ “እንካ ጉረስ” የሚል አንድ ሰው የለም። ለነገሩ አይጧ ነበረች። ሳትጠራ ማዕድ ላይ መቅረብ ትችልበታለች፤ የማን ዘመድ እንደሆነች አልናገርም፣ አጎቴ ይቆጣል።

ከኮሚሽኔ ለእማዬ መነጽር የሚሆን ልኬያለሁ፤ ለመነጽር ነው፣ ለዕቁብ አይደለም። አባዬ ደግሞ ቮልሷን ለፋሲካ ሊያስቀባት ነው አሉ። አባዬ፣ እስካሁን አራቴ ተቀብታለች፤ በእግዜር ይሁንብህ፣ አራተኛውን ቀለም እንኳን ተውልኝ። እስክመጣ ብሩሽም፣ ስቱኮም፣ የጋሼ መዶሻም አይንካት።

ናፋቂ ልጃችሁ