የአላየሁም አልሰማሁም አዋጅ

የፍለጋ ሞተር የሰውን ፊልምና ዘፈን የሰረቀም የደበቀም ሳይሆን፣ የተሰረቀው የት እንደሚገኝ ለጠየቀው ሁሉ በትሕትና የሚጠቁም ጣት በመሆኑ፤ የአሜሪካ ኮንግረስም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ፣ በክፍል 512(ዲ)፣ ይህን ጣት ከካሳ ክፍያ የሚከልል ድንጋጌ ስላስቀመጠ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ስለ ማወቅ
ማወቅ የሚጀምረው ባለመብቱ ሊንኩን ለይቶ በጽሑፍ ሲያመለክት ነው። ከዚያ በፊት ቢሊዮን ገጽ ያነበበ ሞተር ምንም እንዳላነበበ ይቆጠራል። ሕጉ በገሃድ የሚታይን ጥፋት አይቶ እንዳላየ ማለፍን ይከለክላል፤ ምን ያህል ሲገለጥ ገሃድ እንደሚባል ጠበቆች እስኪስማሙ ድረስ ግን ክልከላው በክብር ይቀመጣል።

አንቀጽ 2። ስለ ግዴታ
አቤቱታ የደረሰው ሞተር ሊንኩን ሳይውል ሳያድር ከውጤቱ ያነሣል። ፊልሙ በተጫነበት ሰርቨር ላይ እንደተመቸው ይቀጥላል።

አንቀጽ 3። ስለ አቤቱታ
አቤቱታ አቅራቢ በሐሰት ቢምል የሚያስቀጣው ባለመብቱን ለመወከል ሥልጣን አለኝ ያለው ቃል ብቻ ነው፤ ሥራው ለመሰረቁ በቅን ልቦና ማመኑ ይበቃል። አቤቱታውን የሚጽፈው ኮምፒውተር ሲሆን ቅን ልቦናው የማን እንደሆነ አይጠየቅም። በዚሁ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኒቨርሳል ፒክቸርስ ፈረንሳይ ስም የቀረበ አቤቱታ 127.0.0.1 የተባለው አድራሻ ከጎግል እንዲነሣ ጠይቋል። ማንኛውም ኮምፒውተር ራሱን የሚጠራው በዚሁ ቁጥር ስለሆነ ሌባው ከከሳሹ ጠረጴዛ ላይ ተገኝቷል። በ2016 ደግሞ በዋርነር ብራዘርስ ስም የቀረበ ሌላ አቤቱታ የኩባንያውን የራሱን ድረ ገጾች፣ ፊልሞቹን በሕጋዊ መንገድ ከሚሸጠው አማዞን ጋር አዳብሎ ከሷል። ራስን መክሰስ በዚህ አዋጅ አልተከለከለም።

አንቀጽ 4። ስለ ግዞት
ጎግል በኦገስት 2012 ባስታወቀው መሠረት አቤቱታ የበዛበት ድረ ገጽ በውጤቱ ዝቅ ይላል። ሁለተኛውን ገጽ የሚከፍት ሰው ስለሌለ ተጨማሪ ቅጣት አላስፈለገም።

አንቀጽ 5። ስለ ግልጽነት
ሊንክ የተነሣበት ገጽ ግርጌው ላይ ማስታወቂያ ይወጣል። ማስታወቂያው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ሉመን ወደተባለ የአቤቱታዎች ማኅደር ይመራል። በማኅደሩም ውስጥ የተሰረቁት ፊልሞች ሙሉ አድራሻ፣ ባለመብቱ ራሱ ለቅሞና አጣርቶ በጻፈው ዝርዝር፣ ለዓመታት ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጦ ነበር።

አንቀጽ 6። አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ በፍለጋ ውጤት ላይ ከታየበት ቀን ጀምሮ፣ አቤቱታ እስኪቀርብበት ድረስ የጸና ይሆናል።