በሊትር ስንት ትሄዳለች?

ድሮ ሰው ሲያገኝህ መጀመሪያ ጤናህን፣ ቀጥሎ ልጆችህን ይጠይቅ ነበር። አሁን ሰላምታው ሳያልቅ አንገቱን ወደ መኪናዬ ያሰግግና «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ይለኛል። ምን ልበለው? ሙያዬ ቧንቧ ነው። የሰው ቤት የሚያፈሰውን ስደፍን አርባ ዓመት አልፎኛል፤ የራሴ ኪስ የሚያፈስበትን ቀዳዳ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ስምንት እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ስድስት ናት። እሱም ቁልቁለት ከበዛ።

የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የሱ አይደለምና። አሮጌ ፒካፕ ናት፣ በካርቡሬተር የምትሠራ። ዕድሜዋ ከታላቁ ልጄ ይበልጣል፤ የበላችውም ከሱ ይበልጣል።

ጥፋቱን በአገሩ አየር ማላከክ ይቀናኛል፤ ደግሞ ጥቂት እውነት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አገር ጋር ሲተያይ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ይህን ከየት ያውቃል? ለቆላ በተለካለት ቀዳዳ ቤንዚኑን እንደ ልቡ ያንቆረቁራል። አየር ሲያንስ ቤንዚኑ በደንብ አይነድም፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ትራፊክ ፖሊሱም እጁን ያነሣል። አዲሶቹ መኪኖች አየሩን እየለኩ ቤንዚኑን በልኩ ይመጥናሉ አሉ። የኔዋ ጾም የምትይዘው ታንከሩ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ቆሜ «እንግዲህ ዓለም አለቀች» ብዬ ነበር። አላለቀችም። በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን ሲዘል ግን ምንም አላልኩም፤ የሚባለውን ሁሉ በ47ቱ ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ክፍያው ደግሞ ከ2015 ወዲህ በስልክ ሆኗል። ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሣ ተራዬ ሲደርስ የስልኬ ባትሪ ያልቅና፣ ቀጂው እንደ ሌባ ያየኛል።

ሰልፍ ላይ ሞተር አጠፋለሁ። ቆሞ የሚያጓራ ሞተር በሰዓት እስከ 1 ሊትር ይጠጣል፤ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ችግሩ መልሶ ማስነሣቱ ነው። ሁለቱ ረዳቶቼ ወርደው ይገፋሉ፣ እኔ መሪውን ይዤ እመርቃለሁ። በዚያች ሰዓት በሊትር ስንት ሄደች ብትሉኝ፣ ቤንዚን መቼ ነካች? በእንጀራ ነው የሄደችው።

አንድ የምኮራበት ብልሃት ነበረኝ። ከእንጦጦ ስወርድ ማርሹን ፎሌ አድርጌ እስከ ሽሮ ሜዳ በነጻ እንሸራተታለሁ። አንድ ቀን ኮምፒውተር እየሰካ መኪና የሚያክም አንድ ልጅ ይህን ቢሰማ ሣቀብኝ። «ጋሼ፣ በአዲሶቹ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ እንደሆኑ እግርዎን ከነዳጁ ካነሡ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል። ፎሌ ካደረጉ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ማጠጣት አለበት። ፍሬኑም ብቻውን ይጨነቃል፣ ይግላል።» እኔ እድሜ ልኬን የቆጠብኩ መስሎኝ በፍሬን ሸራ ነበር የምከፍለው! የኔዋ ኮምፒውተር የላትም፤ በሷ ላይ ብልሃቴ አሁንም ይሠራል ብዬ ልመልስለት አሰብኩና፣ ፍሬኑን ሳስታውስ ዝም አልኩ።

ልጄ «ኤሌክትሪክ ግዛ» ይለኛል። ከ2016 ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ጊዜው የባትሪ ነው ይለኛል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ባትሪው ራሱን ይሞላል ብሎ ያስጎመጀኛል። እሺ፣ የት ነው የምሰካው? እኔ የምጠራው ውሃ በጠፋበት ቤት ነው፤ በኛ ከተማ ውሃ ከጠፋ መብራቱም መጥፋቱ አይቀርም። የሰው ቧንቧ ፈትቼ «እመቤት፣ እስክጨርስ ይቺን ገመድ ልሰካ» ልበል?

ኋላ ያው ኮምፒውተር የሚሰካው ልጅ «ጋሼ፣ ጭነቱ ነው የሚበላዎት» አለኝ። 50 ኪሎ ትርፍ ዕቃ ፍጆታውን በመቶ 1 ያህል ይጨምራል አለ። ምን ጭነት አለኝ? ሞርሳ፣ ቧንቧ መቁረጫ፣ ጥርስ ማውጫ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ነፋስ የምትሰነጥቅ ባለ 6 ሜትር ቧንቧ። አንድ የተቃጠለ ቦይለር፣ ብረቱ ይጠቅማል ብዬ። አንድ የተሰነጠቀ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ታናሹ ረዳቴ ከኋላ የሚቀመጥበት እሱ ላይ ነው፣ ሰው ሲያየው ያፍራል። በዚህ መካከል ቆራሌው ደረሰ። ጠራሁት። ዙሪያዋን ዞረ፣ ቦይለሩን በጣቱ አንኳኳ፣ ጎማዋን በእግሩ መታ፣ ከዚያ በትሕትና «ጋሼ፣ ዕቃውን ብቻ ነው ወይስ ከነመኪናዋ?» አለኝ።

ሦስት ቀን ታመምኩ።

ሲሻለኝ ከአያት ሰፈር አንዲት ደንበኛዬ ደወሉ። «ትንሽ ያንጠባጥባል፣ ብቅ በል» አሉ። ቧንቧው ግማሽ ኢንች ነው ብዬ ሄድኩ፤ ከፍቼ ሳየው ሦስት አራተኛ። እዚያው በራቸው ላይ ዕቃ መሸጫ ነበር፤ ዋጋው ከመርካቶ በ40 ብር ይበልጣል። እኔ ልበዘበዝ? መርካቶ ሄጄ ገዝቼ ተመለስኩ። ደርሶ መልሱ ከ30 ኪሎ ሜትር አያንስም። በሊትር ስድስት ከሆነች 5 ሊትር ጠጣች ማለት ነው፤ ከ500 ብር በላይ። አርባዋን ግን አትርፌያለሁ። ማታ ረዳቴ ሒሳቡን በስልኩ ሠርቶ ሊያሳየኝ ሲል መነጽሬ ጠፋብኝ።

ስለዚህ እናንት ቤታችሁ የሚያንጠባጥብባችሁ፣ እባካችሁ ስትደውሉ «ትንሽ ነው» አትበሉኝ። ቧንቧው ግማሽ ይሁን ሦስት አራተኛ አይታችሁ ንገሩኝ፤ ካላወቃችሁ በስልክ ፎቶ አንሡና ላኩልኝ። የሽንት ቤት መቀመጫ የሚፈልግም ካለ አንድ አለኝ፤ መሰንጠቁ ብዙም አይታይም።