ሴትዮዋስ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጠገራ ብር በመሐረብ ጠቅልሎ የሚዞር ሰው አልፎ አልፎ አይጠፋም። ጠጋ ብሎ፣ ግራ ቀኙን ቃኝቶ ይፈታዋል። «ወላሂ የአያቴ ናት! ዓመቱን አንብበው፣ 1780 ይላል!» ዋጋውን ሲጠራ የሐረጎን ዳገት በሩጫ እንደወጣ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል።

ችግሩ፣ 1780 የማይል ማርትሬዛ ዛሬ ከየት ይገኛል? ጠገራው ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በየአገሩ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዟል፤ ሴትዮዋ በሞተች በመቶ ሃምሳ ዓመቷም ያው ናት፣ አንድም ሽበት የላትም።

ስለዚህ የአያት ቅርስ የተባለው የሙሶሊኒ ሊሆን ይችላል። ጣሊያን የመምቻውን ቅርጽ ከቪየና አግኝቶ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮም ላይ መታው። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም ደሴ ሲገባም ለባላገሩ የሚከፍለው በእሷ ነበር። እንግሊዝ በበኩሉ ለንደን ላይ፣ በጦርነቱም ጊዜ ቦምቤይ ላይ ያችኑ ሴትዮ አባዛ፤ ጣሊያንን ለማስወጣት የሚዋጉት ሰዎች ወጪ የሚሸፈነው በእሷ ነበርና። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም ደሴ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ሁለት ጠላቶች፣ አንዲት ሴትዮ! ከሁለቱም የተቀበለ ባላገር ቢኖር ብሩን ደባልቆ ቢያስቀምጠው ማን ይለይለታል?

የጥንት ሮማውያን ግን በአንድ መልክ የመቆየት ትዕግሥት አልነበራቸውም። በ69 እ.ኤ.አ. አራት ንጉሠ ነገሥታት በአንድ ዓመት ውስጥ ተፈራረቁ፤ ዙፋን የነካ ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው መልኩን በብር ማስቀረጽ ነበር። ከአራቱ አንዱ ኦቶ የነገሠው ሦስት ወር ብቻ ነው። ያም ሆኖ ዲናሩ ላይ ጸጉሩ ተስተካክሎ፣ በማዕበል ተደርድሮ ይታያል፤ መላጣ ነበር፣ ዊግ ያደርግ ነበር ይላሉ። ሦስት ወር ለገዛ ሰው ይህ ሁሉ ዝግጅት!

እኛ ዘንድ እንኳን ኦቶ፣ ዳግማዊ ምኒልክም አልቀናቸውም። ፓሪስ አስመትተው፣ መልካቸውንና አንበሳውን ይዞ 1887 የተጻፈበትን፣ ክብደቱም ከማርትሬዛ ጋር የሚስተካከል፣ 28 ግራም የሆነ ብር አወጡ። ገበያው እጅ ነሥቶ ተመለከተውና ወደ ሴትዮዋ ዞረ። የትከሻዋን ዕንቁ ሳይቆጥር የማይቀበል ነጋዴ ለዘውድ ምን ደንታ አለው? ኦቶ ከነዊጉ ደሴ ገበያ ቢመጣ ኖሮ፣ ዲናሩን አገላብጠው «ሴትዮዋስ?» ይሉት ነበር።