ላልመጣ ባቡር የሚከፈል ኪራይ

የቤቴ ኪራይ ጨመረ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ኪራይ ጨመረብኝ ብሎ ቢጽፍ አንባቢን ማሰልቸት ይሆንበታልና ስለ ጭማሪው አላወራም፤ እንቅልፍ የነሣኝ የጭማሪው ምክንያት ነው። አከራዬ፣ ዕድሜና ጸሎት ያከበራቸው እናት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጄ፣ ባቡሩ እዚህ ሲደርስ እኮ ይህን ቤት በእጥፍ ዋጋም አታገኘው» አሉኝ። «እማማ፣ እስኪደርስስ?» ብላቸው፣ «እስኪደርስማ ይኸው አብረን እየጠበቅነው አይደል!» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ባቡሩ የሚያበቃው አያት ነው፤ እኛ ያለነው ግን ከአያት ወዲያ፣ ወደ ጣፎ አቅጣጫ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ የቃሊቲውና የምኒልክ አደባባዩ መስመር ተከፍቶ፣ በጥቅምት ደግሞ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ተከትሎ፣ ሁለቱ ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና 39 ጣቢያ ይዘው በታዩ ጊዜ፣ «ይህ መጀመሪያው ነው፤ ቀሪው ይቀጥላል» ያላለ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደላላ ቤት ሲያሳይ ከውኃውና ከመብራቱ አስቀድሞ ይህንኑ ትንቢት ይናገራል፤ ምጽአቱ የታወቀ፣ ዕለቱና ሰዓቱ ግን የተሰወረ ነው። መስመሩ አያት ላይ ስለምን እንደ ቆመም የታክሲ ሰልፈኛው የራሱ አንድምታ አለው፤ አንድም ብድሩ አለቀ፣ አንድም ዳገቱ ከበደ፣ አንድም ያን ጊዜ ከአያት ወዲያ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ነገሩን ካነሣን ዘንድ፣ የአገራችን ነገረ ባቡር ከሥሩ እንዲህ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ፣ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው መንገድ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነበር። ሐዲዱ ግን ነጭ ዓባይ ቀርቶ ሐረርን እንኳ አላየም፤ ተራራው አስፈርቶት በቆላ በቆላ ዞሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰና እዚያው ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ፈረሰ፣ ኃያላን መንግሥታት ተከራከሩበት፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ በዚህ ሁሉ መካከል የሐረር ነጋዴ ጭነቱን በአጋሰስ ወደ ባቡሩ ያወርድ ነበር፤ ባቡሩ በቆመበት ሜዳ ላይ ግን ከተማ በቀለ፣ መጀመሪያም አዲስ ሐረር ተባለ፤ እውነተኛይቱ ሐረር በግንቧ ውስጥ ሆና ምን እንዳለች የሚያውቅ ካለ ይንገረን። ሐዲዱ 784 ኪሎ ሜትሩን ፈጽሞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። እንግዲህ ከአያት ወዲያ ያለነው ሁሉ ሐረሮች ነን ማለት ነው፤ ልዩነቱ የሐረር ሰው ለቀረበት ባቡር ኪራይ አለመክፈሉ ነው።

እስከዚህ ያስቃል፤ ከዚህ በኋላ አያስቅም። በቦሌ አራብሳ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በእኛም ዘንድ እልፍ አእላፍ ሕዝብ የሚያድርበትን ሕንፃ ያቆመ፣ ዕጣ አውጥቶ ቁልፍ ያስረከበ አእምሮ፣ ይህ ሕዝብ ሲነጋ ወደ ሥራው በምን ይሄዳል ብሎ ለመጠየቅ ምን ነሣው? ቤቱ የድኻ ነው ተባለ፤ ድኻው ግን ዶሮ ሳይጮኽ ወጥቶ፣ ተኝቶ የተወውን ልጁን ተኝቶ ያገኘዋል። 475 ሚሊዮን ዶላር፣ ያውም አብዛኛውን ከቻይና ኤግዚም ባንክ ተበድረን፣ ለዘረጋነው መስመር ከገዛናቸው 41 ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል፤ በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ቲኬት የተጀመረ ባቡር መለዋወጫው በዶላር እንደሚገዛ አስቀድሞ ያሰላ አልነበረምን? ያለውን ማስኬድ ሳይችሉ የሌለውን ይጨምሩልናል ብሎ ሕዝብን በተስፋ ማስቀመጥ ቀልድ አይደለም፤ ግፍ ነው።

ይሁንና ባቡሩን እንዲህ መውቀስ ያስኮንናል፤ እርሱ የታዘዘበት ድረስ ሄዶ ይመለሳል እንጂ ቤቱን እዚህ ያሠራው እርሱ አይደለም። ጎረቤቶቼም ገና ከአሁኑ ጣቢያው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ይሁን ወይስ በገበያው በኩል በሚለው ነገር ለሁለት ተከፍለው፣ አንዳንዶቹ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሐዲዱ በድልድይ ያልፋል ወይስ በመሬት የሚለው ነው፤ በመሬት ካለፈ በሌላው ሠፈር እንዳደረገው መንገዱን በአጥር ለሁለት ይከፍለዋልና፣ ከማዶ ወዳለው ሥጋ ቤት ለመድረስ መሻገሪያ ፍለጋ ሩቅ መዞር ሊመጣ ነው። ይህን ጭንቀቴን ለባለ ሥጋ ቤቱ ብነግረው፣ እርሱን የሚያስጨንቀው ጾም እንጂ ባቡር አለመሆኑን አስረዳኝ፤ ሁዳዴው 55 ቀን መሆኑን ለምዶታል፣ የሐዋርያት ጾም ግን አንድ ዓመት እያጠረ ሌላ ዓመት እየረዘመ ሒሳቡን ያበላሽበታል። የመጪውን ዓመት በባሕረ ሐሳብ እናውጣው ብለን ተቀመጥን፤ እርሱ መጥቅዑ ጠፋበት፣ እኔም አበቅቴው ጠፋብኝ፤ ሁለቱ ተደምረው 30 እንደሚሆኑ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።